በጆንያው ውስጥ ያለውን በቋንቋችን ንገሩን



ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ አንድ ነጭ ዱቄት ነው። ስሙ ኢቲሊን ታዮዩሪያ ይባላል፤ በፋብሪካ በአጭሩ ኢ.ቲ.ዩ. ይሉታል። ኒዮፕሪን የተባለውን ሰው ሠራሽ ጎማ ቶሎና አጠንክሮ ለማብሰል የሚጨመር አፋጣኝ ነው፤ በዕብራይስጡ «መኢጽ» የሚሉት ዓይነት። ለ100 ኪሎ ጎማ የሚገባው ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። መጠኑ ትንሽ፣ ጣጣው ግን ትልቅ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በታኅሣሥ 2013 ይህን ዱቄት ለመዋለድ ጤና ጎጂ ነው ብሎ «እጅግ አሳሳቢ» ከሚላቸው ኬሚካሎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

አቋማችንን ከመጀመሪያው እንናገር። ይህ ዱቄት ሊተካ ይችላል፤ መተካትም አለበት። እስኪተካ ድረስ ደግሞ ጆንያውን ቀድዶ የሚገለብጠው ሠራተኛ ምን እየገለበጠ እንደሆነ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ይህ ልመና አይደለም፤ መብት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«የኬሚካል ነገር የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ያገባናል። ከእኛ መካከል ብዙዎች ወደዚህ አገር ከገቡ ጀምሮ እንጀራቸውን የሚበሉት በፋብሪካ፣ በመጋዘንና በጽዳት ሥራ ነው። ብዙዎቹም በሔቭራት ኮአሕ አዳም በኩል ተቀጥረው፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ እየተባሉ የሚሠሩ ናቸው። በእንዲህ ያለ ቦታ አዲስ ገቢ የሚሰጠው ሥራ ከሁሉ አቧራ የበዛበት ሥራ ነው። አባቶቻችን በጎንደርና በትግራይ ብረት ቀጥቃጮች፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። በእጃቸው ሙያ ስለኖሩ «ቡዳ» እየተባሉ ተሰድበዋል። ሙያው ግን የራሳቸው ነበር፤ ከሰሉንም፣ ብረቱንም፣ አፈሩንም ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። እዚህ በፋብሪካ የተለወጠው ነገር ይህ ነው፦ እጁ የእኛ ነው፣ ዕውቀቱ ግን በሌላ ሰው መሳቢያ ተቆልፎበታል።

ዱቄቱ በጎማው ውስጥ ምን ይሠራል?

ኒዮፕሪን በ1930 በአሜሪካ በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ የተገኘ ጎማ ነው። ዘይትን፣ ፀሐይንና ሙቀትን ከተፈጥሮ ጎማ ይልቅ ስለሚችል የመኪና ቀበቶ፣ የዘይት ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ፣ ከድልድይ ሥር የሚገባ ትራስና የጠላቂ ልብስ ይሠራበታል። ጥሬው ጎማ ለስላሳና ተጣባቂ ነው። በሙቀትና በግፊት ካልበሰለ ለምንም አይሆንም። ይህን ማብሰል ዕብራይስጡ «ጊፑር» ይለዋል።

የተፈጥሮ ጎማ በድኝ ይበስላል። ኒዮፕሪን ግን ክሎሪን ስላለበት በድኝ ብቻ በደንብ አይበስልም። ስለዚህ በተለመደው አሠራር ለ100 ኪሎ ጎማ 5 ኪሎ ዚንክ ኦክሳይድና 4 ኪሎ ማግኒዝየም ኦክሳይድ ይጨመርበታል። በእነዚህ ላይ ጥቂት ኢ.ቲ.ዩ. ሲጨመር ጎማው ቶሎ ይበስላል፤ ሲጫኑት ጎድጉዶ አይቀርም፣ ሙቀትም ይችላል። ነገሩ እንደ እርሾ ነው፤ ጥቂት ናት፣ ሊጡን ሁሉ የምትለውጠው ግን እሷ ናት። ፋብሪካዎች ይህን ዱቄት የሚወዱት በከንቱ አይደለም፤ ሥራውን ይሠራል። ጥያቄያችን ሥራውን የሚሠራው በማን ሰውነት ዋጋ ነው የሚል ነው።

በሰው ሰውነትስ?

ከደጋው አገር የመጣን ሁሉ እንቅርትን እናውቃለን። በምግቡና በውኃው አዮዲን ሲያንስ በአንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ያብጣል። የኢ.ቲ.ዩ. ጉዳት ከዚህ ጋር ዘመድ ነው። አዮዲን ቢኖርም ዕጢው በአዮዲኑ ሆርሞን እንዳይሠራበት መንገዱን ይዘጋበታል። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ሰውየው ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ይወፍራል፣ ሐሳቡ ይዘገያል። እንዲህ ያለ ሰው በፋብሪካ «ሰነፍ» ይባላል እንጂ «ታመመ» አይባልም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይህ ነው።

በእንግሊዝ አገር በ1984 የታተመ አንድ ጥናት በዚህ ዱቄት የሚሠሩ ሁለት ዓይነት ሠራተኞችን መርምሮ ነበር። አንደኞቹ ዱቄቱን የሚያመርቱት፣ ሁለተኞቹ ጎማው ውስጥ የሚደባልቁት ናቸው። ታይሮክሲን የተባለው ሆርሞን ቀንሶ የተገኘው በደባላቂዎቹ ላይ ነው። ከደባላቂዎቹም በአንዱ ላይ ዕጢውን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን ከፍ ብሎ ታየ፤ ይህም ዕጢው መድከሙን የሚያሳይ ምልክት ነው። የተመረመሩት ሰዎች ጥቂቶች ነበሩ። ነገር ግን ጉዳቱ ማን ላይ እንደወደቀ አስተውሉ። ቢሮ በተቀመጠው ላይ ሳይሆን ጆንያ በሚገለብጠው ላይ ነው። ጆንያ የሚገለብጠው ደግሞ በማንኛውም አገር ቢሆን መጨረሻ የመጣው ሰው ነው።

የባሰው የሽሉ ጉዳይ ነው። ከ1973 ጀምሮ በታተሙ ጥናቶች እርጉዝ አይጦች ይህን ዱቄት ሲሰጣቸው ግልገሎቻቸው የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ጉድለት ይዘው ተወልደዋል። የአውሮፓ መዝገብ «ለመዋለድ ጤና ጎጂ» ያለውም እንዲህ ያሉ ውጤቶች በመከማቸታቸው ነው።

አሠሪዎች ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አላቸው። «እርጉዝ ሴት ስታሳውቀን ከዚያ ሥራ እናነሣታለን» ይላሉ። እስቲ ቀኑን እንቁጠር። የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር መሠረት የሆነው ቱቦ በሽሉ ውስጥ የሚዘጋው ከፅንስ በኋላ በ28 ቀን ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ራሳቸው አያውቁም። የእስራኤል የሴቶች ሥራ ሕግ ደግሞ ሠራተኛዋ ለአሠሪዋ እንድታሳውቅ የሚያስገድደው ከአምስተኛው ወር ጀምሮ ነው። በ28 ቀንና በአምስት ወር መካከል ማን ቆሞ ይጠብቃታል? ማንም። ስለዚህ ሴቲቱን ከዱቄቱ ማራቅ መፍትሔ አይሆንም፤ ዱቄቱን ከሁሉም ማራቅ ነው መፍትሔው። ሴቶችን አንቀጥርም ማለት ደግሞ ሌላ በደል ነው። ወንዱም ቢሆን ታይሮይድ አለው።

የሚሰጡት ምክንያቶችና የእኛ መልስ

አንደኛ፣ «ካንሰር እንደማያመጣ ታውቋል» ይላሉ። ይህ እውነቱን አያሟላም። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1987 ይህን ዱቄት «ምናልባት ካንሰር ያመጣል» ከሚላቸው ጋር መድቦት ነበር። በ2001 ወደ 3ኛ ክፍል አዛወረው። 3ኛ ክፍል ማለት «ሊመደብ አልቻለም» ማለት ነው እንጂ «ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም። በአይጦች ላይ የታየውን የካንሰር ማስረጃ ድርጅቱ ራሱ በቂ ነው ብሏል። የአሜሪካው ብሔራዊ የመርዝ ጥናት መርሐ ግብርም ካንሰር ያመጣሉ ተብለው ከሚጠረጠሩት ዝርዝር ውስጥ ይዞታል። እውነት ነው፣ በ1976 በእንግሊዝ አገር ወደ 2,000 የሚጠጉ የጎማ ሠራተኞችን የተመለከተ ጥናት የታይሮይድ ካንሰር አላገኘም። ደስ ይለናል። ነገር ግን ሰው ካንሰር ስላልያዘው ብቻ ጤነኛ ነው አይባልም። የደከመ ዕጢና የተጎዳ ሽል በካንሰር መዝገብ ላይ አይጻፉም።

ሁለተኛ፣ «አሁን ዱቄት መሆኑ ቀርቷል፤ በጎማ ተለውሶ በፍሬ መልክ ነው የሚመጣው፤ አይቦንንም» ይላሉ። ይህ በእርግጥ መሻሻል ነው። የአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም ገና በ1978 ስለዚህ ኬሚካል የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በፍሬ መልክ የሚገዛ ፋብሪካ ሠራተኛውን ከአቧራው አድኖታል። ሆኖም ፍሬው ላይ «80» ተብሎ ከተጻፈ ከመቶ 80 እጁ ያው ኢ.ቲ.ዩ. ነው። ጎማው ሲበስል ከመጫኛው ማሽን የሚወጣውን ጭስ ፍሬ ማድረጉ አያስቀረውም። ዱቄቱ ደግሞ በርካሽ እስከተሸጠ ድረስ በርካሽ የሚገዛው አይጠፋም። የተሸፈነ መርዝ ካልተሸፈነው ይሻላል፤ ከሁለቱም የሚሻለው ግን የሌለው ነው።

ሦስተኛ፣ «የሚተካው የለም» ይላሉ። ይህ ሐሰት ነው። ኤም.ቲ.ቲ. የተባለ አፋጣኝ አለ፤ ሙሉ ስሙ ሜቲል ታያዞሊዲን ታዮን ነው። ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ቩልካሲት ሲ.አር.ቪ. በሚል ስም ይሸጠው ነበር። የተሠራውም በኒዮፕሪን ውስጥ ኢ.ቲ.ዩ.ን እንዲተካ ተብሎ ነው። ጎማውን ወደ ኢ.ቲ.ዩ. የቀረበ ጥንካሬ ይሰጠዋል፤ ሻጋታ ውስጥ ሳይገባ ቀድሞ የመብሰል ችግሩም ያነሰ ነው። ከዚህ ሌላ የአውሮፓ ኅብረት ከ2010 እስከ 2013 ሴፍ ራበር የሚባል የምርምር ሥራ በገንዘብ ደግፎ ነበር። ዓላማው ለኒዮፕሪን ታዮዩሪያ የሌለበት አፋጣኝ ማግኘት ነው። ተመራማሪዎቹ አዲስ ውህድ ሠርተው፣ በጎማ ላይ ሞክረው፣ ከኢ.ቲ.ዩ. ጋር የሚወዳደር ውጤት ማግኘታቸውን በጽሑፍ አውጥተዋል። ስለዚህ «የለም» የሚል ሰው «አልፈለግሁም» ማለቱ ነው።

አራተኛ፣ «ውድ ነው» ይላሉ። እሺ፣ ሒሳብ እንሥራ። በ100 ኪሎ ጎማ ውስጥ የሚገባው አፋጣኝ ቢበዛ አንድ ኪሎ ነው። በዚያ ላይ ካርቦን ብላክ፣ ዘይት፣ ዚንክና ሌላም ሲጨመር ድርሻው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የዚያ ትንሽ ነገር ዋጋ በእጥፍ ቢጨምር በአንድ የመኪና ቀበቶ ላይ የሚመጣው ልዩነት ስንት ይሆናል? ገዢው ላያስተውለው ይችላል። የሠራተኛው ዕጢ ግን መለዋወጫ የለውም።

አምስተኛው ምክንያት ከሌሎቹ ይልቅ ሊደመጥ የሚገባው ነው። «ደንበኛው ቀመሩን አጽድቆታል፤ ከለወጥን እንደገና መፈተን አለብን» ይላሉ። ልክ ነው። አፋጣኙን አውጥቶ ሌላውን በልኩ ጣል ማድረግ አይቻልም። የማብሰያው ጊዜና ሙቀት እንደገና ይለካል፣ መጠኑ ይስተካከላል፣ የጎማው ጥንካሬ ይፈተናል። ተጭኖ ሲቆይ ወደ ቅርጹ መመለሱ፣ በሙቀትና በዘይት ውስጥ መቆየቱም ይታያል። ይህ ወራት ይወስዳል። ስለዚህ ሥራው ዛሬ ይጀመር እንላለን። ማስጠንቀቂያው የወጣው በ1978 ነው፤ የአውሮፓው መዝገብ በ2013። ወራት የሚወስድ ሥራ ዓሥርት ዓመታትን ሲወስድ ምክንያቱ ፈተናው አይደለም። የሚጠይቅ ሰው መጥፋቱ ነው።

ከድጡ ወደ ማጡ እንዳንሄድ

እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ፋብሪካ «ኢ.ቲ.ዩ. አስወግጃለሁ» ብሎ ቢያስታውቅ ወዲያው አናጨብጭብ። በምን ተካኸው? ብለን እንጠይቅ።

በሌላ ታዮዩሪያ ከተካው፣ ለምሳሌ በዳይኢቲል ታዮዩሪያ፣ ይህ ሰውን የሚያሳክክና ቆዳን የሚያቆስል አለርጂ በማምጣት የታወቀ ነው። ከኒዮፕሪን የተሠራ የጉልበት ማሰሪያና የጠላቂ ልብስ የለበሱ ሰዎች ቆዳቸው የተላጠው በዚህ ዓይነት ነገር ነው። ታዩራም በተባሉት አፋጣኞችና በድኝ ከተካው ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ጎማው ሲበስል ናይትሮሳሚን የሚባለውን ካንሰር አምጪ ነገር ያወጣሉ። ታዩራምና ካርባሜት ጽዳት የሚሠሩ እናቶቻችን ከሚያጠልቋቸው የጎማ ጓንቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ አሉ። በጓንቱ ምክንያት እጅ ሲላላጥ «ሳሙናው ነው» ይባላል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ጓንቱ ራሱ ነው። ለዚህም መላ አለ። ለምሳሌ ቤንዚል ያለበት የታዩራም ዓይነት ሲበስል የሚያወጣው ናይትሮሳሚን ካንሰር አምጪ ከሚባሉት ወገን አይቆጠርም።

ኤም.ቲ.ቲ.ም ቢሆን ማር አይደለም፤ ኬሚካል ነው። ጓንቱ፣ ጭምብሉና አየር መሳቢያው ከእርሱም ጋር ይቀጥላሉ። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ስም መለወጥ መተካት አይደለም። መተካት ማለት ጉዳቱ ማነሱን በወረቀት ማሳየት ነው።

ሲፈለግ ተችሏል

የጎማ ኢንዱስትሪ «አይቻልም» ያለው ስንት ነገር ሲቻል ታይቷል። በእንግሊዝ አገር ጎማ እንዳያረጅ የሚጨመር ቤታ ናፍቲላሚን ያለበት ኬሚካል ነበር። የፊኛ ካንሰር ያመጣ ስለነበር በ1949 ከገበያ ወጣ። ጎማ መሥራት አልቆመም፤ መኪናም መሄዱን አላቋረጠም። ለተጎዱት ሠራተኞች ግን ፍርዱ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1972 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አምራቹን አይ.ሲ.አይ.ንና አሠሪውን ደንሎፕን ተጠያቂ አደረጋቸው። የአምራቹ ጥፋት አደገኛነቱን ማወቅ ሲገባው መሸጡን መቀጠሉ ነው። የአሠሪው ጥፋት ደግሞ ሠራተኞቹን በጊዜው አለመንገሩና አለማስመርመሩ ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ዝምታ በፍርድ ቤት ፊት ጥፋት ሆኖ ተቆጥሯል።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። በ1993 የአውሮፓ ኅብረት በሕፃናት የጡጦ ጫፍና ማባበያ ጎማ ውስጥ ያለው ናይትሮሳሚን በኪሎ ከአንድ መቶኛ ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወሰነ። ፋብሪካዎቹ አፋጣኞቻቸውን ለወጡ፤ የጡጦ ጫፍ ዛሬም ይሸጣል። ለሕፃኑ አፍ የተቻለው ለእናቲቱ ሳንባ ለምን አይቻልም?

አውሮፓን ግን ያለ ልክ አናመስግን። ኢ.ቲ.ዩ. በ2013 የገባበት መዝገብ የሚያስገድደው በዋናነት መንገርን ነው። በዕቃው ውስጥ ከሺህ አንድ እጅ በላይ ካለ ሻጩ ለገዢው ማሳወቅ አለበት፤ ተራ ሸማች ከጠየቀም በ45 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጠዋል። ይህ እገዳ አይደለም። ከዚያ ወዲህ በ2022 የወጣው መመሪያ ግን አንድ እርምጃ ሄዷል። ለመዋለድ ጎጂ የሆነን ነገር በቴክኒክ እስከተቻለ ድረስ ባነሰ ጎጂ ነገር መተካትን የአሠሪው የመጀመሪያ ግዴታ አድርጎታል። አባል አገሮችም እስከ ሚያዝያ 2024 በሕጋቸው እንዲያስገቡት አዟል። እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ መተካት፣ ቀጥሎ መሸፈንና አየር መሳብ፣ በመጨረሻ ጭምብል። በብዙ ፋብሪካ የሚደረገው ግን ተገላቢጦሹ ነው። ጭምብል ይሰጡህና ነገሩ አለቀ ይሉሃል።

ሳይነግሩን የተደረገው ይበቃል

ይህ ማኅበረሰብ ሳይነገረው ስለ ሰውነቱ ሲወሰን የመጀመሪያው አይደለም። በጥር 1996 ልጆቻችን የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ሲጣል መኖሩ በጋዜጣ ተገለጠ፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰለፈ። በጥር 2013 ደግሞ የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ለኩፓት ሖሊም ሐኪሞች መመሪያ ሰጠ። የዴፖ ፕሮቬራ መርፌ የሚያስከትለውን መረዳታቸው ለሚያጠራጥር ሴቶች፣ ከኢትዮጵያ የመጡትን ጨምሮ፣ መርፌው እንዳይታደስ የሚል ነው። በ2016 የመንግሥት ተቆጣጣሪ ማስገደድ ስለመኖሩ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። መመሪያው መውጣቱ ብቻውን ግን አንድ ነገር ይመሰክራል፦ ሴቶች ወደ ሰውነታቸው ስለሚገባው ነገር በሚገባቸው ቋንቋ እንዲገለጽላቸው ያስፈልግ ነበር።

የፋብሪካው ዱቄትም ወደ ሰውነት ይገባል። በመርፌ ሳይሆን በአፍንጫና በቆዳ። ስለዚህ ሕጉ ያው መሆን አለበት፦ ሰውነቱ የማን ነው? ባለቤቱ ይነገረው።

በዚህ በአገራችን ሕጉ አለ። በ1954 የወጣው የሥራ ቁጥጥር ድርጅት ሕግ 25 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ባለበት የሥራ ቦታ የሠራተኛውና የአሠሪው ተወካዮች በእኩል ቁጥር የሚቀመጡበት የደኅንነት ኮሚቴ፣ ቫዓዳት ብጢሑት፣ እንዲቋቋም ያዛል። በ1998 የወጣው ደንብ ለአደገኛ ኬሚካል «ጊልዮን ብጢሑት»፣ ማለት የደኅንነት መግለጫ ወረቀት፣ እንዲኖረው ያስገድዳል። በ1999 የወጣው ደንብ ደግሞ የሥራ ቦታው ባለይዞታ ስለ አደጋው ለሠራተኛው መረጃ እንዲሰጥ፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲያሠለጥነውና ሠራተኛው መረዳቱን እንዲያረጋግጥ ያዛል። «መረዳቱን እንዲያረጋግጥ» የሚለው ለእኛ ቁልፍ ነው። ዕብራይስጥ ማንበብ ለማይችል አባት የዕብራይስጥ ወረቀት ሰጥቶ ማስፈረም ማረጋገጥ አይደለም። ፊርማ መረዳት አይሆንም። ግዴታው የተጣለው በሥራ ቦታው ባለይዞታ ላይ ስለሆነም «አንተ የሔቭራት ኮአሕ አዳም ሠራተኛ ነህ፤ አይመለከተንም» የሚለውን መልስ አንቀበልም።

ስለዚህ በጎማ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጠይቁ። በዕብራይስጡ ገጻችን ላይም አትመናቸዋል፤ ገጹን ለሥራ አለቃችሁ ማሳየት ትችላላችሁ።

1. በምንደባልቀው ጎማ ውስጥ የሚገባው አፋጣኝ ስሙ ማን ነው? ጊልዮን ብጢሑቱን አሳዩን፤ ይዘቱንም በአማርኛ አስረዱን።

2. ኢ.ቲ.ዩ. ካለ በምን መልክ ነው የሚገባው? በዱቄት ወይስ በፍሬ? በመደባለቂያውና በመጫኛው ማሽን ላይ አየር መሳቢያ አለ ወይ?

3. ለመተካት የተያዘ ዕቅድ አለ ወይ? በምን ይተካል? መቼ? የሚተካው ነገር ጉዳቱ ማነሱን የሚያሳየው ወረቀት የት አለ?

4. ደባላቂዎች በሥራ ጤና ሐኪም፣ በሮፌ ታዓሱካቲ፣ ይታያሉ ወይ? የታይሮይድ ምርመራስ ይደረግላቸዋል? ውጤቱ ለራሳቸው ይነገራቸዋል?

5. በቫዓዳት ብጢሑቱ ውስጥ ከእኛ ወገን የተቀመጠ ሰው ማን ነው?

ለብቻችሁ አትጠይቁ። ብቻውን የጠየቀ ሰው በማግሥቱ «ሥራ የለም» ሊባል ይችላል። ቫዓድ ኦቭዲም ካለ በእርሱ በኩል፣ ከሌለ አምስትም ዓሥርም ሆናችሁ፣ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቅጂውንም ያዙ። ከሩሲያ የመጡትን ሠራተኞች፣ የዐረብ ሠራተኞችን፣ የአገሬውን ሰው ሁሉ ጨምሩ፤ ዱቄቱ ዘርና ቀለም አይለይም፣ ጥያቄውም መለየት የለበትም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት አባቶች ይህን ሊያስተምሩን ነው።

ዕብራይስጥ የሚያነቡ ልጆቻችንንም እንጠይቃለን። አባትህ ከሥራ ሲመለስ በልብሱ ላይ ያለው ዱቄት ምን እንደሆነ ጠይቀህ ታውቃለህ? የከረጢቱን ስም በወረቀት ጽፎ እንዲያመጣልህ ንገረው። አንብበህ አስረዳው። ትምህርትህ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ሽማግሌዎቻችን ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ስለ ሐሜት ከሆነ እውነት ነው። ስለ ጤና ሲሆን ግን ሌላው አባባል ይበልጣል፦ ካልተናገሩ ደጅ አዝማችነት ይቀራል። እኛ ሹመት አልጠየቅንም። የጠየቅነው በጆንያው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እንዲነገረንና ሊተካ የሚችለው መርዝ እንዲተካ ነው። አሁኑኑ፣ ሳይቃጠል በቅጠል።